ጠጅ በብርሌ፣ ውኃ በጀሪካን

አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ብለው ሲተርቱ ውኃን ረስተውታል። መርሳታቸውም አይደንቅም፤ በዚያ ዘመን ውኃ የሴቶች ጣጣ፣ ተረት ደግሞ የወንዶች ሥራ ነበርና። ጠጁ የተጣለበት ውኃ ከየትኛው ምንጭ ተቀድቶ፣ በማን ጀርባ አቀበቱን እንደ ወጣ የጠየቀ ተራች የለም። እኔ ግን ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ስለምኖር ተረቱ ጎደሎ ሆኖ ይታየኛል። ስለዚህ በድፍረት ላሟላው፦ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ፣ ውኃ በጀሪካን። ቤት አልመታም ትሉኝ ይሆናል። ጀሪካንም ቤት እንዲመታ አልተሠራም።

ቢጫውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የማያውቅ የሀገራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። ዘይት ይዞ ወደ ሱቅ ይመጣል። ዘይቱ ሲያልቅ ጡረታ የሚወጣ ይመስላል፤ እውነተኛ ሥራው የሚጀምረው ግን ያኔ ነው። በኦሞና በፈላ ውኃ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተገልብጦ ከዋለ በኋላ የቤቱ ባለሟል ይሆናል።

ግርማው የሚታየው ቦኖ ውኃው ፊት ሲሰለፍ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ባለቤቶቹ አምጥተው ይደረድሩታል፤ ከዚያ ሰው ወደ ቤቱ፣ ጀሪካን ወደ ሥራው። ወረፋ በእግር ቆሞ ይያዛል የሚል ሀገር ካለ ከእኛ ይማር። የእኛ ሰው እንቅልፉን እየጨረሰ፣ ልጅ እያለበሰ፣ ቡና እያፈላ ይሰለፋል፤ ጀሪካኑ ቆሞለታላ! ሁሉም ቢጫ ቢሆንም ሁሉም ይለያል፦ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት አለ፣ ጎኑ ላይ በጥፍር ቀለም መስቀል የተሣለበት አለ፣ ክዳኑ ጠፍቶ በቆረቆንዳ የተወተፈም አለ። ከመካከላቸው አንዱ በድንገት ከቦታው ፈቀቅ ያለ እንደሆነ ሰፈሩ ይታመሳል።

«ይሄን ማነው ያነሳው?»

«እኔ እንጃ፣ ስመጣ እዚሁ ነበር።»

«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ የቆመ ነው እኮ!»

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«እኔማ ተኝቼ።»

ይህን መልስ ሰምቶ የሚስቅ የለም። የሰፈሩ ሕግ እንደዚያ ነዋ፤ የቆመ ጀሪካን ከተኛ ሰው ይቀድማል።

ይህን ታማኝ ወረፋ ያዥ ማን እንደ ፈለሰፈው ብትጠይቁ ታሪኩ ከጦር ሜዳ ይነሳል። የጀርመን ጦር ለሚያስበው ወረራ ነዳጅ የሚያጓጉዝበት ዕቃ ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1937 ሽቬልም በተባለች ከተማ የነበረው የሙለር ድርጅት ዋና መሐንዲስ፣ ቪንሴንዝ ግሩንፎግል፣ ባለ 20 ሊትሩን የብረት ጀሪካን ነደፈለት። ሰውየው ነገሩን ምን ያህል አውጥቶ አውርዶ እንዳሰበበት ከእጀታው ይታወቃል። እጀታው ሦስት ነው። ሙሉውን አንድ ወታደር ብቻውን ሲያነሳ መካከለኛውን ይጨብጣል፤ ሁለት ሆነው ሲጋሩት አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ይይዛል፤ ባዶውን ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት፣ በሁለት እጁ አራት አንጠልጥሎ ይሄዳል። ክዳኑ አይጠመዘዝም፤ በማጠፊያ ተይዞ «ቀጭ» ብሎ ይቆለፋል፤ ከአንገቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነም አይጠፋም። ቆረቆንዳ የሚፈልግ ዕቃ አልነበረም ማለት ነው። አንገቱ ውስጥ አየር ማስገቢያ ስላለው ሲቀዳ እየተንገጫገጨ አይረጭም። ጎኑ ላይ የተጫነው የመስቀል ቅርጽ ለጌጥ አልተደረገም፤ ነዳጁ በሙቀት ሲያብጥ ብረቱ እንዲለጠጥ ነው። ከአናቱ የአየር ኪስ ስለተተወለት ደግሞ ነዳጅ ሞልቶት ባሕር ላይ ቢጣል እንኳ ይንሳፈፋል።

በዚያው ዘመን እንግሊዞች ሰሜን አፍሪካ በረሃ ውስጥ ነዳጅ ያመላልሱ የነበረው በስስ ቆርቆሮ ጣሳ ነበር። ጣሳው መንገድ ላይ ይሰነጠቃል፣ ያፈሳል፤ አሸዋውን እያጠጣ ከግንባር ይደርሳል። ከጀርመኖች የማረኩትን ጀሪካን ባዩ ጊዜ የራሳቸውን ጥለው የጠላትን አነሱ፤ ኋላም አስመስለው ሠሩት። ስም ያወጡለትም እነሱ ናቸው፤ ጀርመኑን «ጄሪ» እያሉ በቅጽል ይጠሩት ነበርና ዕቃውን የጄሪ ጣሳ አሉት።

የአሜሪካኖቹ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1939 ፖል ፕላይስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ከጀርመናዊ ባልደረባው ጋር በመኪና ከበርሊን ወደ ህንድ ለመጓዝ ተሰናዳ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የመጠባበቂያ ውኃ መያዣ እንደሌላቸው ትዝ አላቸው። ባልደረባው ቴምፐልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ የተከማቸው የጦር ጀሪካን ጋ መግቢያ ነበረውና ሦስቱን ይዞ ከች አለ። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ለነዳጅ የተሠራ፣ በምስጢር የተከማቸ የጦር ዕቃ ገና ከመጋዘን ከመውጣቱ ውኃ መያዣ ሆነ! ጀሪካን ዕጣ ፈንታውን ያኔውኑ አውቆታል። ፕላይስ ሀገሩ ተመልሶ ስለዚህ ዕቃ ለጦር ሹማምንቱ ቢነግራቸው ጆሮ አልሰጡትም። ናሙናው በእጃቸው ከገባ በኋላም ሲቀዱት ቅርጹን ወሰዱና ብልሃቱን አስቀሩት፤ የእነሱ ጀሪካን ያለ መፍቻ የማይከፈት ሆኖ አረፈው።

ወደ እኛ የመጣው የዚህ ብረት ለበስ ወታደር የፕላስቲክ የልጅ ልጅ ነው። ሦስቱ እጀታ አንድ ሆኗል፤ የማይጠፋው ክዳን የሚጠፋ ሆኗል። ከአያቱ የወረሰው ስሙንና 20 ሊትሩን ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን አያቱ ያላገኘውን ጸጋ አገኘ፤ ሥራ አይመርጥም። ከገዳም የሚመለስ ተሳላሚ ጸበል ይይዝበታል። ደጋሽ ጠላ ይገለብጥበታል። አህያ በግራና በቀኝ ተጭናው አቀበት ትወጣለች። እንግዳ ሲበዛ በጎኑ ይጋደምና ወንበር ይሆናል፤ ሕፃን ካገኘው ከበሮ ነው። አናቱ ከተቆረጠ ባልዲ፣ ጎኑ ከተቀደደ የጎመን መደብ፣ ዝቅ ተደርጎ ከተከፈለ የዶሮ ውኃ መጠጫ ይወጣዋል። ቢሰነጠቅ በጋለ ቢላ ተበይዶ ይቀጥላል። መበየዱም አልሆን ሲል «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ በበሩ ያልፋል፤ በጥቂት ብር ተሸጦም አዲስ ኑሮ ፍለጋ ወደ መርካቶ ይሄዳል።

መርካቶ ውስጥ ምን አለሽ ተራ የገባ ሰው ዕቃ መሞት እንደማይችል ያምናል። በርሜሉ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ የወተት ዱቄቱ ጣሳ ክር ገብቶለት ኩራዝ ይሆናል፤ የመኪናው ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል፤ የተጣመመው የግንባታ ብረት ተቃንቶ እንደገና ግንብ ውስጥ ይገባል። በረባሶን ማን ፈለሰፈው? ማንም አያውቅም። ስሙን ያስመዘገበ የለም፣ የተሸለመ የለም፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ንግግር ያደረገ የለም። «ችግር በቅቤ ያስበላል» የሚለውን ብሂል አንዳንዱ ሰው ቀልድ ያደርገዋል፤ ምን አለሽ ተራ ግን የኢንዱስትሪ ፖሊሲ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነስቼ አንድ መለኪያ አውጥቻለሁ፦ ብልህ ዕቃ ማለት ሠሪው ያላሰበለትን ሥራ ሲሰጡት እሺ የሚል ዕቃ ነው።

በዚህ መለኪያ መጀመሪያ የወደቀው እንስራ ነው። እንስራ ውብ ነው፤ ሠዓሊ ሣለው፣ ዘፋኝ ዘፈነለት። ይሁን እንጂ ባዶውን እንኳ ይከብዳል፤ ከተሰበረ ደግሞ ልጅቷ ቤት ገብታ የሚጠብቃትን ታውቃለች። ጀሪካን ቢወድቅ ይነጥራል እንጂ አይሰበርም። እርግጥ ነው፣ ሸክሙ አልቀረም። ጀርመናዊው ሦስት እጀታ ያወጣለት 20 ኪሎ ውኃ እኛ ዘንድ በአንዲት ገመድ ተጠፍንጎ በአንዲት ልጅ ጀርባ ላይ ይታዘላል።

ይህን ሸክም እናቃልላለን ብለው የተነሱ ፈልሳፊዎች ሞልተዋል። በደቡብ አፍሪካ ሁለት የሄንድሪክሰ ቤተሰብ አባላት እ.ኤ.አ. በ1993 «ኪው ድራም» የሚባል ባለ 50 ሊትር መያዣ አወጡ፤ ክብ ሆኖ መሐሉ ቀዳዳ ነው፣ በቀዳዳው ገመድ ገብቶ መሬት ለመሬት እየተንከባለለ ይጎተታል። ልጅ ሳትሸከም ውኃ ታመጣለች። ግሩም ሐሳብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒው ዮርክ ውስጥ ለድሆች በተሠሩ ንድፎች ዐውደ ርእይ ላይ ቀርቦ ተደንቆለታል። ቢጫው ጀሪካን ግን አንድ ነገር ይበልጠዋል፤ እሱን የሚገዛ የለም። ዘይት ነው የሚገዛው፤ ጀሪካኑ ምርቃት ነው።

ከሁሉም የሚያስቀው፣ የሚያሳዝነውም፣ «ፕሌይፓምፕ» ነው። ሮኒ ስታይቨር የሚባል የደቡብ አፍሪካ ጉድጓድ ቆፋሪ ሕፃናት የሚሽከረከሩበትን መጫወቻ ከውኃ መሳቢያ ጋር አያያዘው። ልጆቹ እየሮጡ ሲያሽከረክሩትና ሲሳፈሩበት ውኃ ከመሬት ይሳብና ከፍ ብሎ ወደ ተተከለ ታንከር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 ትሬቨር ፊልድ የሚባል ሰው ይህን በእርሻ ዐውደ ርእይ ላይ አየ። ፊልድ የማስታወቂያ ሰው ነበር። የማስታወቂያ ሰው ባዶ ግድግዳ አይቶ አያልፍም፤ ታንከሩን ሲያይ አራት ገጽ ታየው። ሁለቱ ላይ የንግድ ማስታወቂያ፣ ሁለቱ ላይ የጤና ትምህርት ይለጠፍ፤ ከማስታወቂያው የሚገኘው ገቢ ለጥገናው ይከፈል አለ። ልጆች ይጫወታሉ፣ እናቶች ይቀዳሉ፣ ነጋዴ ያስተዋውቃል። በወረቀት ላይ ማንም የማይጎዳበት ነገር ነው።

ዓለም ወደደው። እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም ባንክ ሸለመው፤ በ2006 የ16.4 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ በወቅቱ የአሜሪካ ቀዳማዊት እመቤት በነበሩት በሎራ ቡሽ አንደበት ታወጀለት፤ እስከ 2010 ድረስ 4,000 ይተከላል ተባለ። ከዚያ ሒሳቡ መጣ። በ2009 ዘ ጋርዲያን ላይ የወጣ ስሌት እንደሚለው አንዱ ፕሌይፓምፕ ያደርሳል ለተባለለት ሕዝብ ሁሉ በቂ ውኃ እንዲያወጣ ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። የእኛን ሰፈር ልጆች ለሚያውቅ ሰው ይህ የማይቻል አይመስለውም፤ «ግቡ፣ መሽቷል» እየተባሉ ሦስት ጊዜ ተጠርተው የማይገቡ ናቸው። ችግሩ ቀኑ ሦስት ሰዓት ማጠሩ ነው።

ልጆቹም ቢሆኑ ጨዋታ ሥራ መሆኑን ለማወቅ ብዙ አይፈጅባቸውም። ያ ነገር የሚሽከረከረው ሲገፉት ብቻ ነው፤ ሲገፉት ደግሞ ይከብዳል። ልጆቹ ሲበተኑ መጫወቻውን ማሽከርከር ለእናቶች ቀረ፤ በሞዛምቢክ የተደረጉ ግምገማዎች ያሳዩትም ይህንኑ ነው። አስቡት፣ እንስራ ሰባሪ ልጅ ያሳደገች፣ በሰፈሯ የተከበረች ሴት ሰው እያያት በልጆች መጫወቻ ዙሪያ ስትዞር! የእጅ ፓምፕ ቢሆን ቆማ በገፋችው። ማስታወቂያውስ? በዚያ ገጠር አስፋልት የለ፣ ሱፐርማርኬት የለ፤ ውኃ ለመቅዳት የቆመች ሴት ምን ገዝታ ትሂድ? አስነጋሪ ሲጠፋ ለጥገና የታሰበው ገንዘብም አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ የነበረው የዘመቻው ድርጅት ሥራውን አቁሞ የቀረውን ዕቃ ለሌላ የውኃ ድርጅት አስረከበ። ፕሌይፓምፕ በእኔ መለኪያ የወደቀው እዚህ ላይ ነው፤ ልጅ፣ ደስታና አስነጋሪ ካልተሟሉለት እሺ አይልም።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር ዐውቀው የሚሠሩ ሰዎች ጃፓን ውስጥ አሉ። የመጽሔት አዘጋጁ ኬንጂ ካዋካሚ «ቺንዶጉ» የሚባለውን ጥበብ የጀመረ ሰው ነው፦ አንድን ትንሽ ችግር በሚገባ የሚፈታ፣ ነገር ግን ማንም ሰው እፍረት ሳይዘው የማይጠቀምበት ዕቃ መሥራት። ትኩስ ፓስታ የሚያቀዘቅዝ ማራገቢያ የተገጠመለት መመገቢያ እንጨት፤ ጉንፋን ለያዘው ሰው የሶፍት ጥቅል አናት ላይ የሚያስቀምጥ ቆብ፤ ድመቷ ወለል እየወለወለች እንድትሄድ በአራት እግሯ የሚጠለቅ መጥረጊያ። ሕግም አለው፦ ዕቃው የግድ በእውን መሠራት አለበት፤ አይሸጥም፤ የፈጠራ መብት አይወጣለትም። ካዋካሚ ሰው እንዲስቅ እንጂ እንዲገዛ አልፈለገም።

ዕቃ ግን ሠሪውን አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1995 በእንግሊዝኛ ከታተመው መጽሐፉ ውስጥ ከነዚህ መሳቂያዎች ጋር የቀረበ አንድ ነገር ነበር፦ ጫፉ ላይ ካሜራ የተሰካበት ዘንግ፣ ሰው ራሱን በራሱ ፎቶ የሚያነሳበት። ዛሬ የሰልፊ ዱላ የምንለው! ከዚያም ቀደም ብሎ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሚኖልታ ኩባንያ ባልደረባ የሆነው ሂሮሺ ኡዌዳ ሠርቶት ነበር። ኡዌዳ ለዚህ የበቃው ከባለቤቱ ጋር ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም አካባቢ ቆመው ፎቶ እንዲያነሳቸው አንድ ልጅ ቢለምኑት ልጁ ካሜራውን ይዞ ስለ ሮጠ ነው ይባላል። ችግር በቅቤ ማስበላቱ በፓሪስም ይሠራል ማለት ነው። ያም ሆኖ በዚያ ዘመን ገዢ አላገኘም፤ መብቱ በ2003 አበቃ፤ ስልክ ካሜራ ካወጣ በኋላ ዓለም በሙሉ ሲሸጠው ኡዌዳ ቆሞ ተመለከተ። መሳቂያ የተባለው ዱላ ዛሬ ሠርግ ቤት ያለ እሱ አይደምቅም።

ፈጠራውን በዚህ ልተወውና ወደ ማስታወቂያው ልዙር፤ የማስታወቂያ ሰው ታንከር አይቶ የሚያደርገውን አይተናላ። የእኛ ቴሌቪዥን ማስታወቂያ አንድ የማይሻር ቅርጽ አለው፤ ሁለት ጎረቤታሞች መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

«ውይ! ምነው እንዲህ አምሮብሻል?»

«አልሰማሽም እንዴ?»

አለመስማቷ ጥሩ ነው፤ ባትሰማ ነው የምትነግራት። ከዚያ ሴትዮዋ ትንፋሽ ሳትወስድ የሕንፃውን ስም፣ ፎቁን፣ የቢሮ ቁጥሩን፣ ሁለት ስልክ ቁጥርና ፊት ለፊቱ ያለውን ባንክ ትዘረዝራለች። እውነተኛ ጎረቤት እንዲህ ስታደርግ አይቼ አላውቅም። ርካሽ ሽንኩርት ያገኘች ጎረቤት መጀመሪያ የራሷን ትገዛለች፣ ቀጥሎ ለእህቷ ትደውላለች፤ ለእኛ የምትነግረን ዋጋው ከጨመረ በኋላ ነው።

የእኛ ሰው ማስታወቂያ የሚያውቀው በሌላ መንገድ ነው። ሊስትሮው በብሩሹ ሣጥኑን ኳ ኳ ያደርጋል፤ ጫማህ አቧራ እንደ ለበሰ ያኔ ትዝ ይልሃል። ጎሚስታው ደጁ ላይ ጎማ ያቆማል። ሥጋ ቤቱ ሽንጡንና ታናሹን መስኮት ላይ ያንጠለጥላል። እንጀራ የምትሸጠው እናት ከካርቶን ቀድዳ «የሚሸጥ እንጀራ አለ» ብላ በር ላይ ትሰቅላለች፤ «ምርጥ»፣ «ጣፋጭ»፣ «ተወዳዳሪ የሌለው» የሚል ቃል የላትም፤ አለ ካለች አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ሐሰት የሚገባበት አንድ ማስታወቂያ ብቻ አውቃለሁ፤ የግቢ በር ላይ የሚጻፈው «ኃይለኛ ውሻ አለ»። በሩ ሲከፈት ከሰው እግር ሥር ጭራውን እየቆላ የሚወጣው ፍጡር ያንን ጽሑፍ ማንበብ ቢችል ያፍር ነበር።

ከሁሉም በላይ የማከብረው ግን የጠላ ቤቷን ነው። አጥሩ ላይ ረዘም ያለ እንጨት ይተከላል፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋል። በቃ! ጽሑፍ የለው፣ ሥዕል የለው፣ ዘፈን የለው። ማንበብ የማይችለውም ያነበዋል፤ ከሩቅ የሚመጣውም ያየዋል። ጣሳው ራሱ ጡረታ የወጣ ነው፤ ትናንት ቲማቲም ይዞ ነበር። ዋጋው ምንም ነው፤ ፈጣሪውም አይታወቅም። ከዚህም በላይ የሌላው ማስታወቂያ የሌለው ጨዋነት አለው፦ ጠላው ሲያልቅ ይወርዳል። ዕቃው ካለቀ በኋላ «ፍጠኑ» ሲል የሚከርም ስንት ሰሌዳ አስፋልት ዳር ቆሞ እንዳለ ለሚያውቅ ሰው አልናገርም።

ዘመኑም ፍርዱን ሰጥቷል። የቢራ ማስታወቂያ ቴሌቪዥናችንን ተቆጣጥሮት የነበረበት ጊዜ አይረሳም፤ በአንድ ጠርሙስ ቢራ ዙሪያ ጀግንነት፣ ወንድማማችነትና የሀገር ተራሮች ሁሉ ይሰለፉ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣው። ተራሮቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ጀግኖቹም ሌላ ሥራ ፈለጉ። የጠላ ቤቷ ጣሳ ግን እዚያው እንጨቷ ላይ ናት፤ ቀድሞም ቴሌቪዥን አልነበራትም።

ባለፈው ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ያለ አንድ ጎበዝ ወጣት የስልክ መተግበሪያ ሠርቶ መጣ። ውኃ ሲለቀቅ ያሳውቃል ነው የሚለው። ልጁን በቅንነት አደነቅነው፤ ቡና ላይ ተቀምጠን ስለነበር ጎረቤታችን እትዬ ስኒ እያቀበሉ ሰሙት።

«እትዬ፣ ይሄን ስልክዎ ላይ ልጫንልዎት። ውኃ ሲመጣ ይደውልልዎታል።»

«ተባረክ ልጄ። መብራት ከሌለ ስልኩስ በምን ይነሳል?»

«እሱማ... ቻርጅ ሊኖረው ይገባል።»

«እኔ ማታ ቧንቧዬን ከፍቼ፣ ከሥሩ ባዶ ጣሳ ደፍቼ ነው የምተኛ። ውኃው ሲመጣ መጀመሪያ አየሩ ያስነጥሰዋል፣ ቀጥሎ ጣሳው ላይ ይዘንባል። ያን ድምፅ ሰምቶ የሚተኛ የለም።»

ልጁ ስልኩን አስቀመጠና በአክብሮት ተመለከታቸው።

«ታዲያ እትዬ፣ ይሄን የመሰለ ፈጠራ ለምን አላስመዘገቡም?»

«ምን ማስመዝገብ ያስፈልጋል? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰፈሩ በሙሉ ይመዘግበዋል።»